ወደ ቀድሞው ሽጉጤ ብመለስ ያሳፍራል?

የዛሬዋ ጠያቂያችን የጻፈችልን ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ደብዳቤዋ ረዘም ስለሚል አሳጥሬዋለሁ።

«ጋሼ፣ ሰላምዎ ይብዛ። ትንሽ የሐበሻ ግሮሰሪ አለኝ። እንጀራ፣ በርበሬ፣ ቡና እሸጣለሁ። ማታ የምዘጋው ብቻዬን ነው። አጠገባችን ያለ ሱቅ ከተዘረፈ በኋላ ኮርስ ወሰድኩ፣ ደብቆ የመያዝ ፈቃድ አወጣሁና ግሎክ 19 ገዛሁ። ብዙ ተለማመድኩበት፣ ወደድኩትም። ከዚያ የባለቤቴ ጓደኛ ‹ይሄ ላንቺ ትልቅ ነው› አለኝና ሲግ ፒ365 ገዛሁ። ቀጥሎ የመሣሪያ መደብር ሻጭ ‹ለሴት የሚመቸው ይሄ ነው› ብሎ 5 ጥይት የሚይዝ ቀላል ሪቮልቨር አስገዛኝ። እሱ እጄን አሳመመኝ። ቤት ልጆች ስላሉ ደግሞ ሴፍቲ (እንዳይተኩስ የሚቆልፍ ማንሻ) ያለው ሺልድ የሚባል ሽጉጥ ያዝኩ። በቅርቡ ግሎኬን አውጥቼ ተኩስ መለማመጃ ሄድኩ። ከሁሉም አስተካክዬ የመታሁት በሱ ነው። ልመለስበት እፈልጋለሁ፤ ያን ሁሉ ገንዘብ ካወጣሁ በኋላ ግን አፈርኩ። በሙቀት ጊዜ በስስ ልብስስ እንዴት ልደብቀው? አሁን የምይዘው ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ወይስ አራቱንም እያፈራረቅኩ ልያዝ? ይበልጥ የምፈራው ቅዳሜ ቅዳሜ ዲሲና ሲልቨር ስፕሪንግ እንጀራ ሳደርስ ነው። ግሪን ካርድ አለኝ፤ ዜግነት ገና ነው።»

ግራ የገባት፣ ከአሌክሳንድሪያ

እህቴ፣ ለዋናው ጥያቄሽ መልሴ አጭር ነው፤ ተመለሺ። ምክንያቱን ቀጥሎ በሰፊው እነግርሻለሁ። ከዚያ በፊት ግን ደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ ያነሳሻት የቅዳሜዋ ነገር አስደንግጣኛለች። ከሽጉጥ ምርጫው በፊት እሷን እንጨርስ።

የቨርጂኒያ ፈቃድሽ የፖቶማክን ወንዝ አይሻገርም። ሜሪላንድ የሌላ ስቴት ፈቃድ አትቀበልም። ዲሲም አትቀበልም። ድልድዩን አልፈሽ ዲሲ በገባሽ ደቂቃ፣ ቦርሳሽ ውስጥ ያለው ሽጉጥ ያለ ፈቃድ የተያዘ ሽጉጥ ነው። ይህ በዲሲ ሕግ እስከ 5 ዓመት እስራት ሊያስቀጣ የሚችል ከባድ ወንጀል ነው። ሜሪላንድ ያለችው ሲልቨር ስፕሪንግም ስትደርሺ ወንጀል ነው። «ቨርጂኒያ ላይ ፈቃድ አለኝ» ማለት ፖሊስ ፊት አያድንም።

ባንቺ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። በአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ፣ ግሪን ካርድ ያለው ሰው በሕገ ወጥ መንገድ መሣሪያ በመያዝ ከተፈረደበት ከአገር ሊባረር ይችላል። ዜጋ ቢሆን ቅጣቱን ጨርሶ ወደ ቤቱ የሚመለስበት ጥፋት፣ አንቺን ከልጆችሽ ሊለይሽ ይችላል። ይህን የምጽፈው ላስፈራራሽ ብዬ አይደለም። ወገኖቻችን ፈቃድ ሲያወጡ ስለ ተኩሱ ይማራሉ፤ ይህን ግን ብዙ ጊዜ የሚነግራቸው የለም። ጉዳይሽን የያዘልሽ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ካለ ጠይቂው፤ ያረጋግጥልሻል።

ስለዚህ ከዚህ ቅዳሜ ጀምሮ ሽጉጡ ቤት ተቆልፎ ይቆይ። ሁለቱም ቦታ ለሌላ ስቴት ነዋሪ የፈቃድ ማመልከቻ ክፍት ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2022 ስለ መሣሪያ መያዝ ከወሰነ ወዲህ ሜሪላንድ «አጥጋቢ ምክንያት አምጡ» ማለቱን ትታለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያመለክት ግን የ16 ሰዓት ስልጠና ትጠይቃለች። ከፈለግሽ በዚያ በኩል ሂጂ። እስከዚያ ድረስ ሂሳቡን በዜል ተቀበይ፣ ጥሬ ገንዘብ አትያዢ፣ ከተቻለ ሰው ይዘሽ ሂጂ። (ይህን የምታነቡ ሹፌሮችም አስተውሉ፤ ኡበርም ሊፍትም ፈቃድ ያለው ሹፌር እንኳ በሥራ ላይ መሣሪያ እንዳይዝ ይከለክላሉ።)

አሁን ወደ ሽጉጡ።

«ለሴት ትንሽ ሽጉጥ» የሚለው ምክር የብዙ ሴቶችን ገንዘብ በልቷል። የእኛ ሴቶች ብቻ አይደሉም፤ እዚህ አገር መደብር የገባች ሴት ሁሉ ማለት ይቻላል ይህን ሰምታለች። ሻጩ በክፋት አይደለም የሚናገረው። እጅሽን አይቶ፣ ቦርሳሽን አይቶ ትንሽና ቀላል ነገር ያወጣል። ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ለመያዝ የሚቀል ሽጉጥ ለመተኮስ ይከብዳል።

የያዝሻቸውን እንይ። ግሎክ 19 ከባዶ የጥይት ካርታው ጋር 670 ግራም ገደማ ነው። ሲጉ 500 ግራም ገደማ ነው። ደብዳቤሽ ውስጥ ስሙን ባትጽፊውም፣ መደብሮች ለሴት የሚያወጡት ቀላል ሪቮልቨር በአብዛኛው እንደ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን 642 ያለ ነው፤ እሱ ከ450 ግራም በታች ነው። ጥይት ሲተኮስ የሚመጣውን ርግጫ ከእጅሽ በፊት የሚቀበለው የሽጉጡ ክብደት ነው። ክብደቱ ሲቀንስ ቀሪውን መዳፍሽ ይቀበላል። እጅሽን ያሳመመሽ ይሄ ነው፤ ድክመት አይደለም።

ቃታውም አለ። የግሎክ ቃታ የሁለት ተኩል ኪሎ ያህል ጉተታ ይፈልጋል። የዚያ ዓይነት ሪቮልቨር ቃታ ግን 5 ኪሎ አካባቢና ከዚያም በላይ ነው፤ መንገዱም ረጅም ነው። ከግማሽ ኪሎ በታች የሚመዝን ነገር ላይ 5 ኪሎ ስትጎትቺ አፈሙዙ ይዞራል። የበርሜሉ ርዝመት ደግሞ 5 ሳንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። የፊትና የኋላ ማነጣጠሪያው ሲቀራረብ ትንሿ የእጅ መንቀጥቀጥ ዒላማው ላይ ትልቅ ስህተት ትሆናለች። ብዙ ዓመት የተኮሱ ሰዎች በዚያ ሽጉጥ ጥሩ ይመታሉ። ሻጩ ያስያዘሽ ግን የባለሙያ መሣሪያ ነው፤ ጀማሪ ናት ብሎ።

ሲጉን አልነቅፍም። በ2018 ሲወጣ ያን በምታህል ሽጉጥ 10 ጥይት መያዝ ለገበያው አዲስ ነገር ነበር። በሱ ጀምረሽ ተለማምደሽበት ቢሆን ኖሮ እሱን ያዢ እልሽ ነበር። አንቺ ግን የጀመርሽው በግሎክ ነው። ብዙ የተኮስሽውም በሱ ነው። አስቢው፤ ምጣድ ስትቀይሪ የመጀመሪያዎቹ እንጀራዎች እንዴት እንደሚሆኑ ታውቂያለሽ። ሊጡ ያው ነው፣ አንቺም ያው ነሽ። እጅሽ ግን የአሮጌውን ምጣድ ሙቀት ነው የሚያውቀው። አዲሱን መልመድ ይቻላል፤ ጊዜ ይፈልጋል። አንቺ አንዱን ሳትለምጂ ወደ ሌላው ተሻገርሽ። ስለዚህ አስተካክለሽ የመታሽው «ግሎክ ይበልጣል» ተብሎ አይደለም። እጅሽ ያወቀው እሱን ነው።

የሚያሳፍርም ነገር የለውም። ሦስቱን ባትሞክሪ ኖሮ ዕድሜሽን ሙሉ «ትልቅ ነው፣ ለኔ አይሆንም» እያልሽ ነበር የምትይዢው። አሁን ሞክረሽ አውቀሽዋል። የባለቤትሽ ጓደኛ አስተያየቱን ለራሱ ያቆየው።

አራቱን ስለማፈራረቅ ግን በፍጹም አልስማማም። ፍርሃት ሲይዝሽ አታስቢም፤ እጅሽ የደጋገመውን ያደርጋል። የሺልድሽ ሴፍቲ በአውራ ጣት ካልተገፋ አይተኩስም። ግሎክ ላይ የሚገፋ ነገር የለም። ሪቮልቨሩ ረጅም ጉተታ ይፈልጋል። ሰኞ አንዱን፣ ማክሰኞ ሌላውን የያዘ ሰው ሽጉጡን ባወጣበት ሰዓት የትኛው እንደሆነ ማስታወስ አለበት። ድሮ ሠራዊት ውስጥ በማካሮቭ የተማሩ ወገኖች ይህን ያውቁታል። የማካሮቭ ሴፍቲ ወደ ላይ ሲሆን ይቆልፋል፣ ወደ ታች ሲሆን ይከፍታል። ቤሬታ 92 ላይ ተቃራኒው ነው። ሁለቱንም የሚይዝ ሰው አንድ ቀን አይሳሳትም ልትይኝ ነው? አንድ ምረጪ፣ እሱን ብቻ ያዢ።

ስለ ልጆቹ ያሰብሽው ትክክለኛ ሐሳብ ነው፤ መፍትሔው ግን ሌላ ነው። በአውራ ጣት የሚገፋ ሴፍቲ ልጅን አያግድም። ልጅ የማይነካካው ነገር የለም። ልጅን የሚያግደው ቁልፍ ያለው የብረት ሳጥን ነው። ሽጉጡ ወይ ሰውነትሽ ላይ ነው፣ ወይ ሳጥን ውስጥ ነው፤ ሦስተኛ ቦታ የለውም። አልጋ ስር፣ ቁም ሳጥን ላይ፣ መሳቢያ ውስጥ የሚባል ነገር አይኑር። ቨርጂኒያ ውስጥ የጎረሰ ሽጉጥ ሳይቆልፉ ትቶ ከ14 ዓመት በታች ያለን ልጅ ሕይወት አደጋ ላይ መጣል በወንጀል ያስጠይቃል። ሕጉ ባይኖርም ነገሩ ያው ነው።

በዚሁ ምክንያት ቦርሳውን ተዪው። ቦርሳ ሶፋ ላይ ይጣላል፣ ልጅ ማስቲካ ፍለጋ ይከፍተዋል። ሱቅ ውስጥ ባንኮኒ ስር ይቀራል። ደግሞም ቀማኛ መጀመሪያ የሚይዘው ቦርሳሽን ነው። ሽጉጥሽን አብረሽ አስረከብሽው ማለት ነው። ሆልስተር (የሽጉጥ ማኖሪያ) የሌለው ቦርሳ ከሆነ ደግሞ ቁልፍ ወይ እስክሪብቶ ቃታው ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ ይሄ ሆኖ ያውቃል።

ታዲያ በስስ ልብስ እንዴት ይደበቃል? ብዙ ሰው ሽጉጥ የሚቀይረው እዚህ ላይ ተሸንፎ ነው፤ ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የቀበቶውና የሆልስተሩ ነው። ልብስ ላይ የሚያስታውቀው በርሜሉ አይደለም። እሱ ሱሪ ውስጥ ነው። የሚያስታውቀው እጀታው ነው። ለስላሳ ቀበቶ ሽጉጡን ያዘነብለዋል፣ እጀታው ወደ ውጭ ይወጣል፣ ሸሚዝሽ ይወጠራል። ጠንካራ፣ ለዚሁ የተሠራ ቀበቶ ያዢ። ሆልስተሩ እጀታውን ወደ ሰውነት የምትገፋ ትንሽ ክንፍ ያለው ይሁን። ከጠንካራ ፕላስቲክ የተሠራ ሆኖ ቃታውን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን መሆን አለበት። ግሎክ ላይ ከውጭ የሚቆለፍ ሴፍቲ ስለሌለ ይህች ነገር አትታለፍም። የቆየ፣ የላላ የቆዳ ሆልስተር ካለሽ ጣይው። ቆዳው ታጥፎ ቃታ ሊነካ ይችላል።

የሴት ዳሌ ሰፋ ስለሚል፣ ሽጉጡ ወገብ ጎን ላይ ሲሆን እጀታው ጎድንሽን ይወጋል። ብዙ ሴቶች ወደ ፊት፣ ከእምብርት ትንሽ ወደ ቀኝ ሲያደርጉት ይመቻቸዋል። ቁጭ ብለሽም፣ ጎንበስ ብለሽ ካርቶን እያነሳሽም ሞክሪው፤ ባዶውን፣ ቤት ውስጥ። ቀሚስ ለምትለብሺበት ቀን ከጨርቅ የተሠራ ሰፊ የወገብ መታጠቂያ አለ። ቃታውን የሚሸፍን ጠንካራ ቅርፊት ያለውን ብቻ ግዢ። ሸሚዝ ደግሞ ጥለት ያለው፣ ትንሽ ሰፋ ያለ ይሁን፤ ነጠላ ቀለም ቅርጽ ያጋልጣል። የሐበሻ ቀሚስ ለብሰሽ ቤተ ክርስቲያን በምትሄጂበት ቀንስ? ቤት ተይው። የቦታው ባለቤቶች ካልፈቀዱ መያዝ አትችዪም፤ እኔ ደግሞ ቅዳሴ ላይ ይዘሽ እንድትቆሚ አልመክርሽም።

አሁን ደግሞ መመለስ ማለት ከሳጥን አውጥቶ መታጠቅ ብቻ እንዳይመስልሽ። ሌሎቹን ስትይዢ እጅሽ የነሱን ጠባይ ትንሽ ትንሽ ወስዷል። አውራ ጣትሽ የሌለ ሴፍቲ ይፈልጋል። የግሎክ እጀታ ዝንባሌም ከሌሎቹ ይለያል፤ ስታነሺው አፈሙዙ መጀመሪያ ላይ ካሰብሽው ከፍ ሊልብሽ ይችላል። ቤት ውስጥ ያለ ጥይት ተለማመጂ። ጥይቱን በሙሉ ከክፍሉ አውጪ። ካርታውን ንቀዪ፣ ስላይዱን (የላይኛውን ተንሸራታች ክፍል) ወደ ኋላ ስበሽ ውስጡን በዓይንሽ እዪ፣ በጣትሽም ነክተሽ አረጋግጪ። ደግመሽ አረጋግጪ። ከኋላው ሰው የሌለበትን ግድግዳ ምረጪ። ከሆልስተር ማውጣት፣ ማነጣጠር፣ ቃታ መሳብ፤ ዝግ ብለሽ። በቀን ጥቂት ደቂቃ ይበቃል፤ ዋናው በየቀኑ መሆኑ ነው። ተኩስ መለማመጃ ስትሄጂ ከቅርብ ጀምሪ። 3 ሜትር ላይ ጥይቶችሽ በአንድ መዳፍ ውስጥ ሲሰበሰቡ ወደ 5፣ ከዚያ ወደ 7 ሜትር ራቂ።

አንድ ነገር በተለይ እንድታስታውሺ እፈልጋለሁ። ግሎክን ለማጽዳት ስትፈቺው መጀመሪያ ቃታውን መሳብ ግድ ነው። ሲጉ ግን ቃታ ሳይሳብ ይፈታል፤ አንቺ ደግሞ እሱን ስትፈቺ ቆይተሻል። የጎረሰ ጥይት መኖሩን ሳያዩ ግሎክ ሊፈቱ ሲሉ ግድግዳ የመቱ፣ ከዚያም የባሰ የደረሰባቸው ሰዎች አሉ። ካርታው ይውጣ፣ ጥይት ማደሪያው ይታይ፣ በጣት ይነካ፣ ከዚያ ቃታ።

ሽጉጡ ሳጥን ውስጥ የቆየ ስለሆነ አጽጂው፣ ቀጭን ዘይት ቀቢው። ካርታው ውስጥ የነበረውን ጥይት ደግሞ መለማመጃ ላይ ተኩሰሽ ጨርሺው፤ አዲስ ግዢ። ማታ ማታ እያወጣሽ ጠዋት መልሰሽ ታጎርሺው ከነበረ፣ ያቺ አንድ ጥይት በየጊዜው ስትመታ እርሳሷ ወደ ቀፎዋ ልትሰምጥ ትችላለች። እንደዚያ ያጠረች ጥይት ስትተኮስ ግፊቱ ከመጠን ያልፋል። ከአዲስ ጥይት ጎን አቁመሽ አወዳድሪያት። ካጠረች አትተኩሺያት።

ሌላ የሚያሳስበኝ ገንዘቡ ነው። የቀኑን ሽያጭ ይዘሽ ብቻሽን ወደ መኪና እንደምትሄጂ ይገባኛል። ገንዘብ አምጪ የሚልሽ ሰው ቢመጣ፣ ስጪውና ይሂድ። ቨርጂኒያ ውስጥ ንብረትን ብቻ ለማዳን ሰው ላይ መተኮስ አይፈቀድም። ሽጉጡ ያንቺ ወይም የሌላ ሰው ሕይወት አደጋ ላይ ሲወድቅ፣ ሌላ መውጫ ሲጠፋ ብቻ ነው። ገንዘቡን ቀን ላይ ባንክ አስገቢ፤ ማታ የሚቀረው ትንሽ ይሁን። የምትዘጊበትን ሰዓት አለዋውጪ። የጎረቤት ሱቅ ባለቤትን አብረን እንውጣ በዪው፤ እሱም ሳይፈራ አይቀርም።

ቀሪዎቹን ሦስቱን ምን ላድርጋቸው ካልሽ፣ ሪቮልቨሩንና ሺልዱን ሽጪ። ሲጉን ግሎክሽ ጥገና ቢገባ መጠባበቂያ እንዲሆንሽ ልታቆዪው ትችያለሽ፤ ከሱ ጋር በአንድ ሳጥን ተቆልፎ። ለጓደኛ ወይም ለዘመድ በእጅ እንዳትሰጪ። ቨርጂኒያ በጁላይ 2020 በግለሰቦች መካከል ለሚደረግ የመሣሪያ ሽያጭም የገዢውን የወንጀል ታሪክ ማጣራት የሚጠይቅ ሕግ ሥራ ላይ አውላ ነበር። ስለዚህ ፈቃድ ባለው ነጋዴ በኩል አድርጊውና ወረቀቱን ቤትሽ አስቀምጪ። ያወጣሽውን ያህል አታገኚም፤ ግን ለአንድ ጥሩ ቀበቶ፣ ለአንድ ደህና ሆልስተርና ለጥቂት ወራት የልምምድ ጥይት ይበቃሻል።